ግራር ላይ ያልታሰረው ጠመንጃ

ሸዋ ሮቢት፣ ኅዳር 14 ቀን 1930 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለሰይፉ፣ ጅቡቲ።

ያለህበትን አገር ሙቀቱን ያቅልልህ፣ ባሕሩንም ጸጥ ያድርግልህ። ባሌ ዘነበ ከሞተ ወዲህ አንተን ወንድሜ እንጂ የባሌ ወንድም ብዬህ አላውቅም፤ ዛሬም እንደዚያው ብዬ እጽፍልሃለሁ። እኔ በሕይወት አለሁ። ደህና ነኝ ብዬ ልጽፍልህ ብዕሩን ደጋግሜ አነሣሁ፣ አልሆነልኝም።

ወሬው የደረሰኝ ሰኞ ቀን ገበያ ላይ ነው። ጨው እየመረጥሁ ነበር። የግመል ነጋዴው የበድሩ ሚስት ሩቅያ ከኋላዬ መጥታ እጄን ከጨው ላይ አነሣችው።

«እታለም፣ ተነሺ እንሂድ» አለችኝ።

«ጨዉን ሳልይዝ?» አልኋት።

«ጨዉ ይቆይሻል።»

እጄን ይዛ ከገበያው አወጣችኝ። ከቤቷ ጓሮ ስንደርስ የልጄን የይሁኔን ስም ጠራች። ልጮህ አፌን ስከፍት ሻሿን አፌ ላይ ጫነችው። ጣልያን ያስቀመጣቸው አስካሪዎች ከዋርካው ሥር ሆነው ይሳሳቁ ነበር። ልጅሽ የት ነበር፣ ምን ይሠራ ነበር ቢሉኝ የምመልሰው እንደሌለኝ ከእኔ ቀድማ አስባዋለች። አንድ ልጄን ሳልጮህ አለቀስሁት።

ሰው ሁሉ ንዳድ ገደለው ይላል። እኔም ንዳድ ነው አልሁ። በቆላ ንዳድ ማንንም አያስደንቅም፤ ካህኑም የንዳድ ሬሳ ብለው ፍትሐቱን አደረሱለት። ተሸሽጎ ብረት ይቀጠቅጥበት ከነበረው ገደል ሲያመጡት ተጠቅልሎ ነበር። ፊቱን ልይ ብል አይሆንም አሉኝ። አልታገልኋቸውም። አሁን ሌት ተቀን ለምን አልታገልሁም እላለሁ።

ሰይፉ፣ ከእንግዲህ ብረት አትላክ። የሚሠራበት የለም። እዚያ የአገራችን ቄስ ካለ የልጄን ስም አስጠራልኝ፤ የክርስትና ስሙ ወልደ ሚካኤል ነው። እጄ ዘገምተኛ መሆኑን ታውቃለህ፣ አባቴ ያስተማረኝ ፊደል ከዚህ በላይ አያስኬደኝም።

አሰገደች

*

ጅቡቲ፣ ጥር 20 ቀን 1930 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ ለእትዬ አሰገደች።

ያጽናዎ ከማለት ሌላ ቃል አጣሁ እንጂ ሌላ ብናገር ደስ ባለኝ። በድሩ ደብዳቤውን ሲሰጠኝ ወረቀቱን ቶሎ አልለቀቀውም፤ ያን ጊዜ ገባኝ። እዚህ ያለን የአገር ልጆች ተሰብስበን ተቀመጥን። ድንኳን ስለሌለን የጀልባ ሸራ ዘረጋን። ይሁኔን አይተውት የማያውቁ ሰዎች አለቀሱለት። እኔም ወናፉ ላይ ተቀምጦ «አጎቴ፣ ንፋው» የሚለኝ እንደሆነ አድርጌ ሳስበው፣ ጢም አብቅሎ አይቼው አለማወቄ ትዝ አለኝ።

ራሴን የምወቅሰው በአንድ ነገር ነው። ያን ሁሉ ብረት በግመል ስጭን ጥቂት ኪኒን መጨመር አላሰብሁም። የቆላን ንዳድ የማላውቅ ይመስል። በአንድ እፍኝ ኪኒን የወንድሜን ዘር አተርፈው ነበር። አሁን በበድሩ እጅ ልኬልዎታለሁ፤ ለራስዎ ይያዙት፣ መራራ ነው ብለው አይተውት።

ብረት አትላክ ያሉኝን ግን እንዴት እሺ ልበል? ይሁኔ ራሱ መጨረሻ የላከልኝ ቃል «ቧንቧው ግማሹን ድካም ወሰደልኝ» የሚል ነው። ዘነበና እኔ በልጅነታችን አንድ አፈሙዝ ለማውጣት ብረቱን ቀጥቅጠን፣ በዘንግ ላይ ጠምጥመን፣ በእሳት እያጣበቅን ወር ሙሉ ከወናፉ ሥር እንከርም ነበር። ከዚያ ጭስ ሸሽቼ ነው ባቡር ማደሻ የገባሁት። ይህ ግን ቧንቧ ሆኖ የተሠራ ነው፤ የቀረው ቂጡን ደፍኖ፣ መለኮሻውን በስቶ፣ ሰደፍ ማልበስ ብቻ። ደግሞም ተራ ብረት አይደለም። በባቡሩ ሆድ ውስጥ ዕድሜውን ሙሉ እሳትና እንፋሎት ሲጠጣ የኖረ ነው። ባሩድ ምን ያደርገዋል?

ጥይት የሌላቸው ሰዎች ባሩድና አረር በአፉ የሚጎርሰውን ጠመንጃ እየጠበቁ መሆኑን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ። ይሁኔ ያሠለጠነው ሰው አይጠፋም። ሌላ ጭነት እያዘጋጀሁ ነው። የወንድሜ ምድጃ አይቀዝቅዝ።

ታናሽ ወንድምዎ ሰይፉ

*

ሸዋ ሮቢት፣ መጋቢት 28 ቀን 1930 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለሰይፉ።

ጾሙን በሰላም ያስፈታህ። ኪኒኑ ደርሶኛል። የሩቅያን ትንሽ ልጅ ንዳድ ይዟት ነበርና ለእሷ ሰጠሁት፣ ተነሣች። ሩቅያ «አላህ በልጆቹ ይካሰው» ብላሃለች። ልጅ እንደሌለህ አልነገርኋትም።

ስለ ኪኒን ራስህን አትውቀስ። ይህን ሁለተኛ አትጻፍብኝ።

ተፈራ መጥቶ ነበር። ይሁኔ ጠመንጃ ይሠራለት የነበረው፣ የገደሉ አርበኞች አለቃ ነው። ማገዶ ሻጭ መስሎ በጓሮ ገባ። «የሰይፉ ብረት መቼ ይደርሳል?» አለኝ። «ምን ያቻኩልሃል?» ብለው፣ «እኔንስ አያቻኩለኝም፣ ጣልያን ነው የቸኮለው» አለና ሳቀ። መንገዱን በዚህ በኩል እየጠረጉት ነው፤ የጣልያን ጭነት የሚያመላልሰው ካሚዮን ወደ ካራቆሬ ሲያልፍ አቧራው ደጋው ገብስ ላይ እንኳ ይተኛል። ተፈራ እውነቱን ነው። ብረቱን ግን ተው።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ከባቡር ሆድ ነው ያልኸውን ያን ቧንቧ ከየት አገኘኸው? መጀመሪያ ስትልከው ደህና ነው ብለህ ጽፈህልን ነበር ወይስ እኔ ነኝ እንዲያ የመሰለኝ? የዚያን ጊዜውን ደብዳቤህን ይሁኔ እንዳይያዝ ብሎ አቃጥሎታል። መልሱን ላክልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።

አሰገደች

*

ጅቡቲ፣ ሰኔ 2 ቀን 1930 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ አሰገደች።

ጤናዎን ያብዛልዎ። ልሸሽግዎ አልችልም፣ ተቀይሜያለሁ። ከየት አገኘኸው ምን ማለት ነው? ከእጄ ጠፍቶ፣ ከጉሮሮዬ ቀርቶ ነው ያገኘሁት። የላከ ሰው እንደ ሌባ ሲጠየቅ ደስ አይለውም።

ሌላም አለ። ከአገር የመጣ አንድ ሰው እዚህ ተቀምጦ «በሮቢት ሴቶቹ ለጣልያን ዳቦ ይጋግራሉ፤ የጠመንጃ ሠሪው እናት ሳትቀር» ብሎ ሲያወራ ሰማሁት። አንገቱን ይዤ «የማንን ቤት ስም ነው የምትጠራው?» አልሁት። ሰዎች ናቸው ያላቀቁን። ከዚያ ወዲያ ግን ብረት አትላክ የሚለው ቃልዎ ሌሊት እየመጣ ያነቃኛል። ልብዎ ከዚያኛው ወገን ዞሮ ከሆነ ይንገሩኝ፤ ከሰው አልስማው።

ተፈራ በበድሩ በኩል ቃል ልኮብኛል። ብረቱን እፈልጋለሁ፣ የሚሠራ ሰው ከአጣዬ በኩል አግኝቻለሁ ይላል። እርስዎ ባይቀበሉ እሱ ይቀበላል። ክረምቱ ወጥቶ አዋሽ ሲጎድል ግመሎቹ ይነሣሉ። ቧንቧዎቹን በቁርበት ጠቅልለን የኮርቻ እንጨት አስመስለናቸዋል፤ ኬላ ላይ የሚነካቸው የለም።

ሰይፉ

*

ሸዋ ሮቢት፣ ሐምሌ 20 ቀን 1930 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለሰይፉ።

ይህ ወረቀት ከግመሎቹ በፊት እንዲደርስህ ለአምላክ ሰጥቼዋለሁ። በድሩ አንተ ዘንድ ስላለ በሌላ መንገደኛ እልከዋለሁ፤ ወንዙ ሁሉ ሞልቷልና መቼ እንደሚደርስ አላውቅም።

ዳቦውን እጋግራለሁ። እውነት ነው። ካሚዮኑ መቼ እንደሚያልፍ የሚወራው ከዳቦው አጠገብ ነው፤ የሰማሁትን ለማን እንደምነግር አልጽፍልህም። ስለ ዳቦው ይኸው ነው። ስለ ይሁኔ ደግሞ ልንገርህ።

ይሁኔን ንዳድ አልገደለውም። ጠመንጃ ነው የገደለው። ከላክኸው ቧንቧ የሠራው ጠመንጃ።

ከቧንቧው ሁለት ጠመንጃ ነው ያወጣው። የመጀመሪያውን ራሱ ተኩሶ ለተፈራ አስረከበው። ሁለተኛውን በጨረሰ ጊዜ እሑድ ቀን ስንቅ ይዤ ወደ ገደሉ ወጥቼ ነበር። ተፈራም ጠመንጃው የሚሰጠውን ሰው ይዞ መጥቷል። ይሁኔ አፈሙዙን በትንሿ መዶሻ መታ መታ ያደርግና ጆሮውን ያስጠጋል።

«እማ፣ ይህን ግራሩ ላይ አስሬ በገመድ ልተኩሰው ነው» አለኝ። «ድምፁ አላማረኝም። አባባ የሠራውን ስትመቺው ይዘምራል። ይህ ያስላል።»

ተፈራ ሰምቶ ሳቀ። «ግራሩ ነው እንዴ የሚዘምትበት? የሠሪው ጉንጭ ያልነካውን የእኔ ሰው አይቀበልም።»

«ግራሩ ቢከፋውም አይናገርም ጋሼ።»

«አንተ ብትናገር ማን ይሰማሃል? ጢምህ እንኳ ገና አልሰማም።»

ሁላችንም ሳቅን። እሱም ሳቀ።

ደንቡን አንተም ታውቀዋለህ፣ ከአባትህ ቤት የወጣ ነው። ሠሪው በሥላሴ ስም ሦስት ጊዜ ጉንጩን አስነክቶ ሳይተኩስ ጠመንጃ አያስረክብም። ሰዉ እጃችንን ሲፈልግ ዓይናችንን እየፈራ ነው። ቀጥቃጭ የሠራውን ፈራ ከተባለ ደግሞ የቀረችን ክብር የለችም። ዘነበ ደንቡን አንድ ቀን አላጓደለም፤ እኔም በዚያ ኮርቼ ነው የኖርሁት። እናም ስንቁን እየፈታሁ፣ ቀና እንኳ ሳልል፣ «አባትህ ግራር ላይ አስሮ አያውቅም» አልሁት።

በቁጣ አይደለም የተናገርሁት። ልጁ ግን አውጥቶት የነበረውን ገመድ ጠቅልሎ አስቀመጠው። እኔ ከመምሸቱ በፊት ወደ ከተማ ወረድሁ። ሰኞ ጠዋት ሁለቱ ተኩስ ደህና ወጣለት። በሦስተኛው አፈሙዙ በጎኑ ተከፈተ። ፊቱን እንዳላይ የከለከሉኝ ለዚህ ነው።

ዘነበ ያን ደንብ የያዘው ለራሱ ብረት ነበር። ቀጥቅጦት፣ ጠምጥሞት፣ ወር ሙሉ ድምፁን ሰምቶት ለሚያውቀው ብረት። ከየት እንደመጣ ለማያውቀው ብረት ደንቡ አይሠራም። ይህን እኔ ያን ቀን አላሰብሁም። ልጄ አስቦት ነበር።

ብረት ላክለት ብዬ መጀመሪያ የለመንሁህ እኔ ነኝ፤ ከወናፉ ሥር ደረቱ አልቆ ሲመጣ እያየሁ አላስቻለኝም። ስለዚህ አንተን ልከስህ አልጻፍሁም። እንዲያውም ላልነግርህ ነበር፤ ንዳድ ብዬህ ልሞት። ግን ተፈራ ያን አንዱን ጠመንጃ ይዞ ይዞራል። «ይህማ አልፈነዳም፣ ያ የቀን ጎዶሎ ነው» ይለኛል። አሁን ያዘጋጀኸው ጭነት ደግሞ በስንት እናት ልጅ ጉንጭ ላይ እንደሚቀመጥ አስበው።

ግመሎቹን አስቁማቸው።

አሰገደች

*

ጅቡቲ፣ ጥቅምት 5 ቀን 1931 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ አሰገደች።

ሰላምታ ለማቅረብ ፊት የለኝም።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ግመሎቹ ከተነሡ በኋላ ነው። በጭነት መኪና ለምኜ ወደ ወሰኑ፣ እስከ ዲኪል ተከተልኋቸው። አልፈዋል። ከዚያ ወዲያ የጣልያን ኬላ ነው፤ ስሜ እነሱ ዘንድ ተጽፏል ይባላል። ኬላው የሚታይበት ቦታ ድረስ ሄድሁ፣ ቆምሁ፣ ተመለስሁ። መመለሴን ከሌላ ሰው እንዳይሰሙት ብዬ እጽፋለሁ።

ከየት አገኘኸው ብለውኝ ነበር። ከአሮጌ ባቡር ሆድ ተነቅሎ የተጣለ ነው። ከአጥሩ ሥር ተቆልሎ ዝናብና የባሕር ነፋስ ሲመታው የነበረ ነው። ለምን ተጣለ ብዬ አልጠየቅሁም። ያን ያህል እሳት የቻለ ብረት ማለት ጠንካራ ነው አልሁ እንጂ፣ ደክሞ ይሆናል አላልሁም። ስመርጥ አንዱን በመዶሻ መታሁት። ከጭሱ ብሸሽም የቀጥቃጭ ልጅ ነኝና ጆሮዬ አልሸሸም፤ ይሁኔ የሰማውን ሳል እኔም ሰምቼዋለሁ። አቧራ ገብቶበት ነው ብዬ አራግፌ ጫንሁት።

ስለ ዳቦው የተናገርሁትን መልሼ ብውጠው በወደድሁ። ሁለተኛ ባይጽፉልኝ ምክንያቱን አውቀዋለሁ። ጭነቱን ግን፣ በሚያምኑበት ሁሉ ብለው፣ ተፈራ እጅ እንዳይገባ ያድርጉ።

ሰይፉ

*

ሸዋ ሮቢት፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 1931 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለሰይፉ።

ሕይወትህን ይጠብቅ። ዝም ያልሁህ ተቀይሜ አይደለም፣ የምነግርህ ነገር እስኪያልቅ ነው።

በድሩ በደህና ገባ። ከተማ ሳይደርስ ከወንዙ ማዶ ግመሎቹን አሳርፎ ወደ ሩቅያ ሰው ላከ፣ ሩቅያም እኔን ይዛኝ ወጣች። ስንደርስ ተፈራ ቀድሞናል። ከሰዎቹ ጋር ቧንቧዎቹን ከኮርቻው እየፈቱ መሬት ላይ ይደረድራሉ። ያ ከይሁኔ እጅ የተረከበው ጠመንጃ ትከሻው ላይ ነው።

«እትዬ፣ የሚሉኝን አውቀዋለሁ» አለኝ ገና ሳልቀመጥ። «ከባዶ እጅ ግን ይሻላል።»

«ባዶ እጁን የሆነ ሰው ሮጦ ያመልጣል» አልሁት።

«እኛ የምንሮጥ ሰዎች ነን?»

«የኔም ልጅ አልሮጠም።»

ሰዎቹ ሥራቸውን አቆሙ። ተፈራ ጠመንጃውን አውርዶ በመዳፉ መታ መታ አደረገው። «ይኸውልዎ፣ አንድ ክረምት ከበጋ ተኩሼበታለሁ። አንድ ቀን አላሳፈረኝም።»

በድሩ ከግመሉ ጎን ሆኖ፣ «ወላሂ ጋሼ፣ እኔስ ከነገ ወዲያ ኮርቻዬን በእንጨት እሠራለሁ» አለ። የሳቀለት የለም።

«እንግዲያው ደንቡን ፈጽምልኝ» አልሁት ተፈራን። «ሠሪው ሞቷል። ይህ ብረት ደህና ነው የምትለው አንተ ነህ። ለነዚህ ልጆች ከመስጠትህ በፊት ሦስት ጊዜ ጉንጭህን አስነክተህ ተኩስላቸው።»

ባሩዱን ጨመረ፣ አረሩን አጎረሰው፣ በዘንጉ ጠቀጠቀው። አንሥቶ ጉንጩ ላይ አደረገው። ቃታው ላይ ያለች ጣቱ ስትነሣና ስትቀመጥ አየኋት። ከዚያ ቀስ ብሎ አወረደውና ሰዎቹን ሳያይ፣ «ገመድ ስጡኝ» አለ።

የሰጠው በድሩ ነው፣ የግመል ማሰሪያውን። ጠመንጃውን ከግራሩ ግንድ ጋር አስረው ሁላችንም ከቋጥኝ ኋላ ሆንን። የመጀመሪያው ደህና ወጣ። ተፈራ አያችሁ አላለም፤ ሄዶ ድጋሚ አጎረሰው። በሁለተኛው አፈሙዙ ተቀደደ። ጭሱ ሲነሣ ሄደን አየን። የግራሩ ቅርፊት በሰው ጉንጭ ልክ ተገሽልጧል። ያ ብቻ ነው። ሌላ የሆነ ነገር የለም። በማግሥቱ ባልፍ ሙጫ አውጥቶ ቁስሉን መሸፈን ጀምሯል።

ሰይፉ፣ ልጄ የፈለገው ይህን ነበር።

ተፈራ መሬት ላይ ተቀምጦ ጉንጩን ያዘ። «እኔ ነኝ የሳቅሁበት» አለኝ። እኔም ስቄ ነበር። ከዚያ ተነሥቶ ቧንቧዎቹን አንድ በአንድ ድንጋይ ላይ እያስቀመጠ በድንጋይ አፋቸውን ደፈጠጣቸው። ሰዎቹ ሊያግዙት ቢሉ ከለከላቸው። ከሰዎቹ አንዱ በመጨረሻ «አሁን ምን ልንይዝ ነው?» አለ። ያ ጥያቄ አሁንም አለ፤ ካሚዮኑም ያልፋል። ልጄን ሳስብ እነሱንም ባዶ እጃቸውን እንዳስቀረኋቸው አውቃለሁ።

ከኬላው መመለስህን አልወቅስህም። ድምፁን ሰምተህ ዝም ማለትህን ልርሳው ብዬ ሞከርሁ፣ ገና አልተቻለኝም። አንተም እኔ ያልሁትን ቃል አትርሳልኝ፤ ብቻዬን ይዤው መኖር ከብዶኛል። ግን ጻፍልኝ። ይሁኔ ከወናፉ ሥር ጥቀርሻ ለብሶ ሲያድግ ያየ ከእኔ ሌላ በሕይወት ያለ ሰው አንተ ብቻ ነህ።

ለካህኑም እውነቱን ነገርኋቸው። «በሐሰት ነው ያስፈታሁት አባቴ» አልኋቸው። «ልጄ፣ ፍትሐት የበሽታ ስም አይጠይቅም» አሉኝ። እንዲያም ሆኖ ልቤ አላረፈም። ጮክ ብዬ ያላለቀስሁት፣ እንዴት እንደሞተ ለጎረቤት ያልተናገርሁት ልጅ ነው። እዚህ ጣልያን እስኪወጣ ድረስ ልናገር አልችልም። እዚያ ግን ትችላለህ።

ስለዚህ ይህን ደብዳቤ አታቃጥለው። በጀልባ ሸራው ሥር ለተቀመጡልህ የአገር ልጆች አንብብላቸው፤ ማንበብ የሚችልም ይቀባበለው። ይህን የምታነቡ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ክርስቲያኑ በጸሎቱ፣ እስላሙም በዱዓው፣ ወልደ ሚካኤል ብላችሁ ነፍሱን ይማር በሉልኝ። ንዳድ የገደለው ብላችሁ አታስቡት። ያላመነውን ብረት፣ እናቱ ስለተናገረች ብቻ፣ ጉንጩ ላይ ላስቀመጠው ልጅ ጸልዩለት።

አሰገደች፣ የይሁኔ እናት